በስቴታችሁ የእንስሳት ጭካኔ ሕግ እንዲጠብቅ ከፈለጋችሁ፦ ቀዳዳዋን ፈልጉ

በረዶ ሲጥል ውጭ ታስሮ የሚያድር ውሻ፣ አፓርታማ ውስጥ ተዘግቶባት የተተወች ድመት፣ በሰመር ፀሐይ መኪና ውስጥ የሚያለከልክ ቡችላ። ሰዉ ቪዲዮ ይቀርጻል፣ ይለጥፋል፣ ከሥሩ መቶ ሰው ይራገማል፣ በማግስቱ ይረሳል። ፖሊስ ወይም አኒማል ኮንትሮል (የአካባቢው የእንስሳት ተቆጣጣሪ) ሲጠየቅ ደግሞ «ሕጉ አይፈቅድልኝም» ይላል። አንዳንዴ ሰበብ ነው፣ አንዳንዴ ግን እውነቱን ነው።

እዚህ የማወራው ያንን ሕግ ስለማስቀየር ነው። ይቻላል። ጠበቃ መሆን አይጠይቅም፣ ብዙ ገንዘብም አይፈልግም። ምሳሌዬ በአብዛኛው ቨርጂኒያ ነው፤ የኛ ሰው በብዛት አለበት፣ ባለፉት ዓመታትም ብዙ ነገር ተቀይሮበታል። ሜሪላንድ ያላችሁትን እግረ መንገዴን አነሣችኋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ግን ለምን ስቴት? የፌደራል ሕግ አለ አይደል? አለ። በ2019 ፓክት አክት የሚባለው ወጣ፤ እንስሳን መጨፍለቅ፣ ማቃጠል፣ ማስጠም እስከ 7 ዓመት የሚያሳስር የፌደራል ወንጀል ሆነ። ነገር ግን የሚሠራው ድርጊቱ ከስቴት ወደ ስቴት ከሚደረግ ንግድ ጋር ሲያያዝ ወይም በፌደራል ይዞታ ላይ ሲፈጸም ነው። የጎረቤታችሁ ጓሮ ከሁለቱም የለበትም። እሺ ካውንቲውስ? ቨርጂኒያ ውስጥ ዲሎን ሩል የሚሉት መርህ አለ፤ ካውንቲና ከተማ ስቴቱ በግልጽ ያልሰጣቸውን ሥልጣን መጠቀም አይችሉም። ፌርፋክስ ካውንቲ ቢፈልግ እንኳ የስቴቱ ምክር ቤት ያለበት ሪችመንድ ካልፈቀደ ብዙ ርቀት አይሄድም። ስለዚህ መንገዱ ዞሮ ዞሮ ስቴት ነው።

ሕጉን አንብቡ፣ አንዲት ቃል ፈልጉ

ይሰለቻል፣ ግን አንድ ከሰዓት ይበቃዋል። የቨርጂኒያው የጭካኔ ድንጋጌ ቁጥር 3.2-6570 ነው፤ ቁጥሩን ብቻ ጎግል ላይ ጻፉት። ስታነቡ «ሕጉ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» እያላችሁ አትጨነቁ። የምትፈልጉት ጥፋተኛ ሊሾልክባት የሚችል አንዲት ቃል ነው።

የቶሚን ነገር ልንገራችሁ። ቶሚ ፒትቡል ነበር። በፌብሩዋሪ 2019 ሪችመንድ ውስጥ አብነር ክሌይ ፓርክ ታስሮ በእሳት ተቃጠለ፣ የከተማው ሼልተር ሊያድነው ቢሞክርም ከቀናት በኋላ ሞተ። ያኔ በነበረው ሕግ ይህ ዓይነቱ ጭካኔ ፌሎኒ (ከባድ ወንጀል) የሚሆነው እንስሳው ሲሞት፣ ወይም ተስፋ የለውም ተብሎ ሐኪም የመግደያ መርፌ ሲወጋው ብቻ ነበር። ቶሚ ቢተርፍ ኖሮ ያቃጠለው ሰው የሚጠብቀው ሚስዲሚነር (ቀላል ወንጀል) ነው፤ ቢበዛ 12 ወር እስርና 2,500 ዶላር። የእንስሳት ሐኪሞቹ ሥራቸውን በደንብ በሠሩ ቁጥር የጨካኙ ቅጣት የሚቀልበት ሕግ ነበር ማለት ነው።

ሴናተር ቢል ደስቴፍ ያቀረቡት ረቂቅ ይህቺኑ ቦታ ነካ። ከሞት ጎን «ከባድ የአካል ጉዳት» የሚል ተጨመረ፣ አለቀ። ጁላይ 1 ቀን 2019 ሥራ ላይ ዋለ፤ ቶሚስ ሎው ይሉታል፣ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። ሰው የማያስተውለው ነገር ደግሞ ይኼ ነው፦ ረቂቁ ቀርቦ የነበረው ቶሚ ከመቃጠሉ በፊት ነው። ሕዝቡ በቁጣ ሲነሣ ወረቀቱ ቀድሞ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ውሻው ከተቃጠለ በኋላ «ረቂቅ እናዘጋጅ» ብሎ የሚነሣ ሰው የሚቀጥለውን ጃንዋሪ መጠበቅ ነበረበት፣ እስከዚያ ደግሞ ቁጣው በርዷል።

ያው ድንጋጌ አሁንም ቀዳዳ አለው። የፌሎኒውን አንቀጽ ተመልከቱት፤ የሚለው የቤት ውሻ ወይም ድመት ነው። ጥንቸልስ? የልጆች በቀቀንስ? እዚያ አንቀጽ ውስጥ የሉም። እንዲህ ዓይነቷን ነገር ስታገኙ አስምሩባት።

ከቅጣቱ ሌላ የምትፈትሹት ቦታ ትርጉሞቹ ናቸው። «በቂ መጠለያ» ሲል ምን ማለቱ ነው? ዳኛ ፊት ሲቀርብ ፕላስቲክ በርሜልም መጠለያ ነው የሚል ተከራካሪ ይመጣል። ለዚህ ነው ቁጥር የሚያስፈልገው። የቨርጂኒያው ውሻ ስለማሰር የወጣው ሕግ በ2020 ሲስተካከል ሙቀትና ብርድን በዲግሪ ነው የወሰነው፤ 32 ፋራናይት ወይም ከዚያ በታች፣ አለዚያም 85 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ውሻ ውጭ ታስሮ አይቆይም። አኒማል ኮንትሮሉ ቴርሞሜትር ያያል እንጂ አይከራከርም። ሕግ ሲጻፍ «በጣም ሲበርድ» ከማለት 32 ማለት ይሻላል።

ሌላው፣ ተያዘ የተባለ እንስሳ ክሱ እስኪያልቅ ማን ያብላው? ክስ ወራት ይፈጃል። ወጪው ሼልተሩ ላይ የሚወድቅ ከሆነ፣ በጀቱ የሳሳ ካውንቲ ሃያ ውሻ ለመያዝ ሁለቴ ያስባል። ባለቤቱ ለቀለብና ለሕክምና ገንዘብ እንዲያስይዝ የሚያስገድድ ድንጋጌ አለ ወይ፣ ካለስ ስንት ቀን ይሰጠዋል? አሰልቺ ትመስላለች፣ ግን ብዙ ጊዜ ከቅጣት ማክበድ ይልቅ ለውጥ የምታመጣው እሷ ናት። ደግሞ የተፈረደበት ሰው ነገ ሌላ ውሻ ከመግዛት የሚከለክለው ነገር አለ? ጥቃት የጠረጠረ የእንስሳት ሐኪም ቢጠቁም ከክስ ይጠበቃል?

ከሌላ ስቴት መቅዳት ነውር አይደለም፤ እነሱም እርስ በርስ ነው የሚቀዱት። ኮነቲከት በ2016 ዴዝመንድስ ሎው በሚባለው ሕግ ለፍርድ ቤት ልዩ ሥልጣን ሰጠች፤ በጭካኔ ክስ ውስጥ የእንስሳውን ጥቅም የሚያስረዳ በጎ ፈቃደኛ ጠበቃ ወይም የሕግ ተማሪ መሾም ይቻላል። ውሻ መመስከር አይችልም፣ አቃቤ ሕጉ ደግሞ መቶ መዝገብ ተሸክሟል፣ ስለዚህ ጥሩ ሐሳብ ነው። ቴኔሲ በዚያው ዓመት የጨካኞች ስም ዝርዝር በይፋ ማውጣት ጀመረች፤ እሱን ግን እኔ ብዙም አልወደውም። ስም መለጠፍ ደስ ይላል እንጂ ዝርዝሩን ከፍቶ የሚያይ ከሌለ ምን ይፈይዳል? ዳኛው «ከእንግዲህ እንስሳ አትይዝም» ቢለው ይሻላል።

ስሜታችሁን ሳይሆን ቀዳዳዋን ለማግኘት ዋናው አቋራጭ ሠራተኞቹን መጠየቅ ነው። አኒማል ኮንትሮል ኦፊሰር ፈልጉና «ልትከሱ ፈልጋችሁ ሕጉ ያስጣላችሁ ምን ዓይነት ነገር ነው?» በሏቸው። አቃቤ ሕግ ቢሮም እንደዚሁ። እነዚህ ሰዎች ማንም ጠይቋቸው ስለማያውቅ አንዴ ከጀመሩ አያቆሙም።

ጊዜው ሰመር ነው

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የቨርጂኒያ ምክር ቤት የሚከፈተው በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ነው። ሙሉ ቁጥር በሆነ ዓመት 60 ቀን ይሠራል። በጎዶሎው ዓመት 30 ቀን ነው፣ በልማድ ወደ 46 ይራዘማል። ሜሪላንድ 90 ቀን አላት። በዚህ አጭር ጊዜ ሺህዎች ረቂቆች ይጎርፋሉ። ጃንዋሪ ላይ ሄዳችሁ «አዲስ ሐሳብ አለኝ» ብትሉ በፈገግታ ይሸኟችኋል።

የቨርጂኒያ ዴሌጌት (የታችኛው ምክር ቤት አባል) 100፣ ሴናተር ደግሞ 40 ናቸው፣ ሥራው የሙሉ ጊዜ አይደለም፤ ደመወዙ በዓመት 18,000 ዶላር ገደማ ነው። ብዙዎቹ ጠበቃ፣ አስተማሪ፣ ነጋዴ ናቸው፣ የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል እዚሁ ሰፈር ነው የሚኖሩት። ጁን፣ ጁላይ፣ ኦገስት ላይ ኢሜይል ጻፉና ቡና ጋብዟቸው። ኢሜይሉ አጭር ይሁን፤ የት እንደምትኖሩ መጀመሪያው መስመር ላይ ይግባ። አድራሻችሁ ከድስትሪክታቸው ውጭ ከሆነ መልስ አትጠብቁ።

ስትገናኙ አንድ ገጽ ወረቀት ያዙ። አሁን ሕጉ ምን ይላል፣ የቱ ቃል ነው ችግሩ፣ ምን ይተካ፣ የትኛው ስቴት እንዲህ አድርጓል፣ እዚህ ካውንቲ የገጠመ ጉዳይ ካለ እሱ። ፎቶ አንድ ይበቃል። ረቂቁን በሕግ ቋንቋ የሚጽፉት የምክር ቤቱ የራሱ ባለሙያዎች ናቸው፣ እናንተ በተራ እንግሊዝኛ ብታቀርቡት ይበቃል። የረቂቅ ማስረከቢያ ቀን ዲሴምበር ላይ ስለሚጀምር ሴፕቴምበር ሳያልቅ አቅራቢ ያዙ። በአጭሩ ዓመት አንድ ሰው በሚያቀርበው ረቂቅ ብዛት ላይ ገደብ አለ፤ የእናንተ ወረፋ ውስጥ እንድትገባ ቀድማችሁ መድረስ ነው።

በዚህ ጉዳይ አቅራቢ ስትፈልጉ በፓርቲ አትምረጡ። ከምክር ቤት ጉዳዮች ሁሉ ሁለቱም ወገን ሊስማማባቸው ከሚችሉት አንዱ ይሄ ነው። ከምበርላንድ ካውንቲ ውስጥ ኤንቪጎ የሚባል ድርጅት ለምርምር ቢግል ውሾችን ያራባ ነበር፣ የፌደራል ተቆጣጣሪዎች ከባድ ጥፋት አገኙበት። በ2022 ከዲሞክራት ጄኒፈር ቦይስኮ፣ ከሪፐብሊካን ቢል ስታንሊ ሆነው የቢግል ሕጎቹን ይዘው ወጡ፣ የያኔው ገዥ ግሌን ያንግኪን ፈረሙ። በዚያው ሰመር 4,000 ገደማ ውሾች ከዚያ ወጥተው በመላ አሜሪካ ለቤተሰብ ተሰጡ። በ2024 ድርጅቱ በፌደራል ፍርድ ቤት ጥፋተኝነቱን አመነ፣ ከእናት ድርጅቱ ጋር ከ35 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ።

ረቂቁ የሚሞትበት ቦታ

ረቂቅ በአብዛኛው ምክር ቤቱ አዳራሽ ደርሶ በድምፅ ተሸንፎ አይሞትም። ንዑስ ኮሚቴ ውስጥ፣ ጠዋት በማለዳ፣ በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ፊት ነው የሚሞተው። ቨርጂኒያ ውስጥ የእንስሳት ረቂቆች ብዙውን ጊዜ የሚመሩት ወደ ግብርና ኮሚቴ ነው፤ አባላቱ ገበሬ አካባቢ የሚወክሉ ናቸው፣ ቋንቋችሁም እነሱን ማሰብ አለበት። ሜሪላንድ ላይ የጭካኔ ወንጀል ወደ ፍትሕ ኮሚቴዎች ነው የሚሄደው፣ ለእያንዳንዱ ረቂቅም የወጪ ትንተና ተጽፎ ይያያዝበታል።

ስለ ወጪ ካነሣን፣ ቨርጂኒያ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። እስር የሚጨምር ማንኛውም ረቂቅ የወህኒ ቤት ወጪው ይሰላለታል። ወጪውን ለመገመት በቂ መረጃ ከሌለ ደግሞ ሕጉ ራሱ ቢያንስ 50,000 ዶላር መድቡለት ይላል። ትንሽ ብር ትመስላለች። ግን በዚች 50,000 ምክንያት ረቂቁ የበጀት ኮሚቴ በርም ይቆማል፣ እዚያ ደግሞ ሁሉም ብር የሚለምንበት ቦታ ነው። ስለዚህ «ሁሉን ፌሎኒ እናድርገው» ከማለታችሁ በፊት እሷን አስቡ። ትርጉም የሚያጠራ፣ የቀለብ ወጪን የሚያስተካክል፣ እንስሳ መያዝን የሚከለክል ረቂቅ ይህ ጣጣ የለበትም።

ተቃዋሚ ይመጣል። የገበሬ ማኅበር፣ ውሻ የሚያራቡ ሰዎች፣ በውሻ የሚያድኑ። ጨካኞች ናቸው ብላችሁ አትነሡ። ብዙዎቹ የሚፈሩት ነገ በኛ ይመጣል ብለው ነው። ምክር ቤቱ ከመከፈቱ በፊት ኖቬምበር ላይ ደውሉላቸውና የቱ ቃል እንደሚያስጨንቃቸው ጠይቁ። ያ ውሻ ስለማሰር የወጣው ሕግ ያለፈው እንዲህ ባለ ድርድር ነው፤ የእንስሳት ተቆጣጣሪው በአካል አይቶ «ይህ ውሻ አካባቢውን የሚቋቋም፣ ከአውሬም የተጠበቀ ነው» ካለ ገደቡ ይላላለታል። ሁሉን ያገኘ የለም፣ ግን ሕጉ አለ።

ለመመስከር ሪችመንድ መሄድ ግዴታ አይደለም። የዴሌጌቶቹ ምክር ቤት በኢንተርኔት አስተያየት የሚቀበልበትና በቪዲዮ የምትመዘገቡበት ገጽ አለው፤ ሜሪላንድም በድረ ገጿ አካውንት ከፍታችሁ ትመዘገባላችሁ። የሚሰጣችሁ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ነው። ስም፣ ከተማ፣ ረቂቁ ቁጥር፣ «እደግፋለሁ»፣ አንድ የምታውቁት ጉዳይ፣ ምስጋና። ከእናንተ በፊት የተናገረው ያለውን አትድገሙ። እንግሊዝኛዬ ይሰበራል ብላችሁ አትፈሩ፤ ኮሚቴው የሰለቸው የባለሙያ ሎቢስት ነው። በተቻለ መጠን ግን የእንስሳት ሐኪም ይዛችሁ ቅረቡ፤ አንድ ሐኪም አሥር የውሻ ወዳጅ ያህል ይሰማል።

የኛ ሰው የሚጠይቀው

«ሰው እያለቀ ለውሻ?» ይህን የማይል አጎት ያለው ሰው አላውቅም። መልሱ ውሻው ከሰው ተለይቶ አይኖርም ነው። ሚስቱን የሚደበድብ ሰው ብዙ ጊዜ እንስሳውንም ይመታል፤ «ብትሄጂ ውሻውን እገድለዋለሁ» የተባለች ሴት ከቤቱ አትወጣም። ሜይን በ2006 በቤት ውስጥ ጥቃት የመከላከያ ትእዛዝ ውስጥ የቤት እንስሳ እንዲካተት ፈቀደች፣ ብዙ ስቴቶች ተከተሏት። የኮሚኒቲያችን የሴቶች ማኅበራት ይህን ቢይዙት ጥሩ ነበር።

ሁለተኛው የፋሲካ በግ ነው። እርሻ ሄደን የምናርደው ወንጀል ሊሆን ነው ወይ? ሥጋት መሆኑ ይገባኛል፣ ግን የስቴቶቹ የጭካኔ ሕጎች ለግብርናና ለምግብ ሥራ በብዛት ቦታ ይተዋሉ፣ በ1958 የወጣው የፌደራል የእርድ ሕግም ሃይማኖታዊ እርድን ያውቃል። በ1993 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፍሎሪዳዋ ሃያሊያ ከተማ በአንድ ሃይማኖት ላይ ያነጣጠረ የእርድ ክልከላዋን ሽሮባታል። እንዲያውም በዚህ ምክንያት ነው ጠረጴዛው ዙሪያ መቀመጥ ያለብን፤ ረቂቁ ሲጻፍ የኛን በግ የሚያውቅ ሰው ይኑር።

ዜጋ አይደለሁም የምትሉ፣ መጻፍም መመስከርም ትችላላችሁ፤ ዴሌጌቱ እናንተንም ይወክላል። ገንዘብ ላይ ግን ጥንቃቄ፦ ግሪን ካርድ ያለው ለምርጫ ዘመቻ መለገስ ይችላል፣ ግሪን ካርድም ዜግነትም የሌለው በየትኛውም የአሜሪካ ምርጫ አንዲት ዶላር እንዳይሰጥ። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ከታክስ ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት ማኅበር (501(c)(3) የሚባለው) እጩ መደገፍ አይችልም፣ በረቂቅ ሕግ ላይ ግን በመጠኑ ድምፁን ማሰማት ይችላል።

ከተፈረመ በኋላ

ቨርጂኒያ ላይ አብዛኛው ሕግ ጁላይ 1 ይጀምራል፣ ሜሪላንድ ላይ ብዙውን ጊዜ ኦክቶበር 1። ሕጉ መውጣቱን የማያውቅ ፖሊስ ግን ይኖራል። የአዲሱን አንቀጽ አንድ ገጽ አትማችሁ ለሼልተሩ፣ ለአኒማል ኮንትሮሉ፣ ለአካባቢው የእንስሳት ሐኪሞች አድርሱ። ቨርጂኒያ በጠቅላይ አቃቤ ሕጓ ቢሮ ውስጥ ከ2015 ጀምሮ የእንስሳት ሕግ ክፍል አላት፤ ትንሽ ካውንቲ ውስጥ ያለ አቃቤ ሕግ ከባድ ጉዳይ ሲገጥመው ከዚያ እርዳታ መጠየቅ ይችላል፣ ብዙዎቹ አይጠይቁም።

ኤፍ.ቢ.አይ. ከ2016 ጀምሮ በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን እንደ ራሱ ወንጀል ይመዘግባል፣ ኮዱ 720 ነው። ሕጉ ዓመት ሲሞላው የፖሊስ መምሪያችሁን በኢሜይል ጠይቁ፦ በኮድ 720 ስንት ጉዳይ መዘገባችሁ፣ በአዲሱ አንቀጽስ ስንት ክስ ተከፈተ? የአኒማል ኮንትሮሉን የጥቆማ ቁጥርም ለብቻው ጠይቁ። ጥቆማው በመቶ የሚቆጠር፣ ክሱ ዜሮ ከሆነ፣ ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ገጽ ላይ አድርጋችሁ በሚቀጥለው ጁን ለዴሌጌታችሁ ይዛችሁለት ሂዱ።